ስለ ፋኖስ ማርሽ የጥርስ አከፋፈልና አገጣጠም

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሰው ሁሉ «ማርሽ» የሚለውን ቃል ሳይማረው ያውቀዋል። ሾፌሩ ከገደሉ አፍ ሲደርስ ማርሹን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ተሳፋሪውም ልቡን ይሰበስባል። ቃሉ የጣሊያን ቃል ነው፤ መንገዱንም በወረራው ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ያወጡት ጣሊያኖች ናቸው። እኛ ዛሬ የምንነጋገርበት ማርሽ ግን በመኪናው ሣጥን ውስጥ ያለው፥ ልዩ መቍረጫ መኪና ካልተገኘ የማይሠራው የብረት ማርሽ አይደለም። መጋዝ፥ መሮ፥ መሰርሰሪያና አንድ ጥሩ ኮምፓስ ያለው አናጢ ሊሠራው የሚችለው «የፋኖስ ማርሽ» የሚባለው ነው። ይህ ጽሑፍ ተባዝቶ የሚወጣ ስለ ሆነ ሥዕል ለመጨመር አልተመቸም፤ ስለዚህ አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ የሚነገረውን እየሣለ እንዲከተል እለምናለሁ።

ሁለት ክብ ጣውላዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም ዙሪያውን የተተከሉ ሙልሙል ዘንጎች አሉ። ነገሩ ሲታይ የፋኖስ መስተዋት የሚጠብቀውን የሽቦ ቤት ይመስላል፤ ፈረንጆችም ስሙን ያወጡለት ከዚሁ መልኩ ነው። ጥርስ ያለው ትልቁ መንኰራኵር ጥርሶቹን በዘንጎቹ መካከል እያስገባ ፋኖሱን ያዞረዋል። ጥርሳም መንኰራኵር በወፍጮ ላይ መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ መቶ ዓመት ስለ ውሃ ወፍጮ ሲጽፍ ይህንኑ ገልጿል። በጀርመን አገር በሽዋርትስቫልድ የተሠሩ የቆዩ የግድግዳ ሰዓቶችንም የከፈተ ሰው ዘንጎቹ ቀጫጭን ሽቦዎች የሆኑ ትናንሽ ፋኖሶችን ያገኛል። የዚህ ማርሽ ዋና ጥቅሙ ዘንግ ክብ መሆኑ ነው። ክብ ቀዳዳ መብሳትና ክብ ዘንግ ማዘጋጀት ጥርስ ከመቅረጽ እጅግ ይቀላል፤ አንዱ ዘንግ ቢሰበርም እርሱ ብቻ ወጥቶ ሌላ ይተካል።

ነገሩ ስለ ምን እኛን ይመለከተናል? በስሜን ግርጌ ባለው ደጋ ዋናው እህል ገብስ ነው፤ ወደ ዳባትና ወደ ወገራ ሲወረድ ስንዴው፥ ባቄላው፥ ጤፉም ይጨመራል። ቆሎና ንፍሮ ካልሆነ በቀር እህሉ ሁሉ ዱቄት ሳይሆን አይበላም። ከተማ ያለው ሰው ለሞተር ወፍጮ ቅርብ ነው። ከተማው የራቀበት ቤተሰብ ግን ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ እናትና ልጅ በድንጋዩ ወፍጮ ላይ ተደፍተው መጅ ሲገፉ ያመሻሉ፤ ወይም እህሉን በጀርባ አዝለው፥ በአህያ ጭነው ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት ይወስዳሉ። ናፍጣ ያለቀ ወይም መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ እህሉን እንደ ያዙ ይመለሳሉ። በዚሁ አገር ላይ ግን ውሃ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ሌት ተቀን ይወርዳል። የጅንባር ፏፏቴ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለ ሆነ የዋልያ እንጂ የወፍጮ ቦታ አይደለም። ከፓርኩ ውጭ ከደጋው የሚወርዱት ትናንሽ ጅረቶች ግን አንድ የወፍጮ ድንጋይ ለማዞር የሚሆን ጕልበት አላቸው።

እነዚህ ጅረቶች ጠባይ አላቸው። ከሰኔ ጀምሮ ይሞላሉ፤ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ይበረታሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይከሳሉ። እንግዲህ የውሃ ወፍጮ በደንብ የሚሠራው እንጨት እርጥበት በሚጠጣበት ወራት ነው ማለት ነው። አናጢው ማርሹን የሚሠራው ደግሞ በበጋ፥ እንጨቱ ደርቆ ሳለ ነው። በመጋቢት ልክ ሆኖ የገጠመ ጥርስ በሐምሌ ይጣበቃል፤ ከዚያም ወይ ዘንጉ ይሰበራል ወይ ጥርሱ ይላቀቃል። ወፍጮው ሲቆም መጁ እንደገና ይነሣል። ስለዚህ የምናደርገው ሒሳብ ሁሉ ይህን እንዳይረሳ ያስፈልጋል።

ለትምህርታችን አንድ ወፍጮ እናቅድ። ውሃው የሚመታው ትልቅ መንኰራኵር በደቂቃ 8 ጊዜ ይዞራል እንበል። በዚሁ ምሰሶ ላይ 60 ጥርስ ያለው መንኰራኵር አለ፤ ከጐኑ ባለው ሁለተኛ ምሰሶ ላይ ደግሞ 10 ዘንግ ያለው ፋኖስ አለ። 60ን ለ10 ብናካፍል 6 ስለሚሆን ፋኖሱ በደቂቃ 48 ጊዜ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ፍጥነት ቺንጋ ይጨምረዋል፤ ስለ ቺንጋው እዚህ አንናገርም። ለባለጥርሱ መንኰራኵር 1,200 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ፥ ለፋኖሱ 200 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ እንስጥ። እነዚህን «የእርምጃ ክቦች» ብለን እንጠራቸዋለን። ሁለት ለስላሳ ጐማዎች ሆነው ሳይንሸራተቱ እርስ በርሳቸው ቢንከባለሉ ልክ እንደ ማርሹ የሚዞሩት ክቦች እነዚህ ናቸው፤ የዘንጎቹም እምብርት የሚተከለው በትንሹ ክብ ላይ ነው። የሁለቱ ምሰሶዎች ርቀት 600 ሲደመር 100፥ ማለት 700 ሚሊሜትር ነው።

ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ጥርስ በክቡ ዙሪያ ላይ ያለው ርቀት «እርምጃ» ይባል። የትልቁ ክብ ዙሪያ 3,769.9 ሚሊሜትር ነው፤ ለ60 ሲካፈል እርምጃው 62.83 ይሆናል። የትንሹ ክብ ዙሪያ 628.3 ነው፤ ለ10 ሲካፈል ይኸው 62.83 ይሆናል። እርምጃዎቹ እኩል ካልሆኑ ማርሹ ማርሽ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። እርምጃው እኩል ነው ከተባለ ዘንድ ኮምፓሱን በ62.83 ከፍቶ ሁለቱንም ክቦች በዚያው መክፈል የሚቻል ይመስላል። አይቻልም። 62.83 የተባለው በክቡ ላይ ታጥፎ የሚለካው ቅስት ነው፤ ኮምፓስ ግን የሚለካው ቀጥታውን፥ ማለት አውታሩን ነው። ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ እየተጠማዘዘ የሚፈጀውን ኪሎሜትርና አሞራ በቀጥታ የሚበርረውን አንድ አድርጎ እንደ መቍጠር ይሆናል። ጥምዘዛው በጠነከረ ቍጥር ልዩነቱ ይበዛል፤ ስለዚህ ትንሹ ክብ ከትልቁ ይልቅ ያሳስታል። አውታሩን ለማግኘት ዲያሜትሩን በግማሹ ማዕዘን ሳይን ማባዛት ነው። በትልቁ ላይ አንድ እርምጃ 6 ዲግሪ ስለ ሆነ 1,200 በ3 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ 62.80 ይሰጣል። በፋኖሱ ላይ አንድ እርምጃ 36 ዲግሪ ስለ ሆነ 200 በ18 ዲግሪ ሳይን ሲባዛ 61.80 ይሰጣል። አንድ ሙሉ ሚሊሜትር ልዩነት ነው። ሁለት ክቦች ያሉት ማርሽ ሁለት የኮምፓስ ክፍቶች ያሻዋል።

ትንሽ ነው ብሎ የሚያልፈው ቢኖር ውጤቱን ይመልከት። ኮምፓሱን በ62.83 ከፍቶ ፋኖሱን የሚከፍል አናጢ በእያንዳንዱ እርምጃ 36 ዲግሪ ሳይሆን 36.6 ዲግሪ ይሄዳል። ዐሥረኛው ምልክት ከመጀመሪያው ምልክት ላይ መውደቅ ሲገባው ወደ 6 ዲግሪ ያህል፥ ማለት ወደ 11 ሚሊሜትር አልፎ ይወድቃል። በትልቁ ክብ ላይ ስሕተቱ ለአንድ እርምጃ 3 ከመቶ የሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። ነገር ግን 60 ጊዜ ተደጋግሞ ዙሩ ሲዘጋ 1.7 ሚሊሜትር ሆኖ ብቅ ይላል። አናጢውም በዚህ ጊዜ የመጨረሻውን ጥርስ በጥቂቱ ያጠበዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት መንኰራኵሩ ያማረ ነው። ያ አንዱ ጠባብ ቦታ ግን መንኰራኵሩ በዞረ ቍጥር አንድ ጊዜ ይመታል፤ በደቂቃ 8 ጊዜ፥ በሰዓት 480 ጊዜ።

ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ በኮምፓስ አንድ በአንድ እየተራመዱ መሄድ ራሱ ክፉ ልማድ ነው። የኮምፓሱ ክፍት በሚሊሜትር አምስተኛ ቢሳሳት በ60ኛው እርምጃ ላይ 12 ሚሊሜትር ይሆናል። ስሕተት የሚጠራቀመው ከትንሹ ወደ ትልቁ ስንሄድ ነው፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ ከተሄደ ግን አይጠራቀምም። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን ክብ መክፈል፥ ቀጥሎ ክፍሉን መክፈል ይገባል። 60 ለዚህ የተመቸ ቍጥር ነው። የክቡ ሬዲየስ ራሱ፥ ማለት 600 ሚሊሜትር፥ በዙሪያው 6 ጊዜ በትክክል ይገባል፤ ይህን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ስድስቱ ነጥቦች ከተገኙ በኋላ እያንዳንዱን ለሁለት ከፍሎ 12 ማድረግ ነው። ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ አሁን 30 ዲግሪ ነው፤ አውታሩም 310.58 መሆን አለበት። ካልሆነ ወደ ፊት አይኬድም።

በዚህ 30 ዲግሪ ውስጥ አምስት እርምጃ አለ። እዚህም ኮምፓሱን ከነጥብ ወደ ነጥብ አናስተላልፍም፤ ሁሉንም ከአንዱ መነሻ እንለካለን እንጂ። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ጥርስ 62.80፥ እስከ ሁለተኛው 125.43፥ እስከ ሦስተኛው 187.72፥ እስከ አራተኛው 249.49 ነው። አምስተኛው ቀድሞ የተገኘው የ30 ዲግሪ ነጥብ ስለ ሆነ ሥራውን ይቈጣጠርልናል። እንዲህ ሲደረግ የአንዱ ነጥብ ስሕተት ለሌላው አይወረስም። በፋኖሱ ላይ ደግሞ በመጀመሪያ አምስት ነጥቦችን በ117.56 አውታር አግኝቶ እያንዳንዱን ለሁለት መክፈል ነው። እዚህ አምስት ጊዜ ብቻ ስለምንራመድ፥ ዙሩም ሲዘጋ ስሕተቱ ወዲያው ስለሚታይ፥ ኮምፓሱን እያስተካከሉ እስኪዘጋ ድረስ መሞከር አያስቸግርም።

ይህ ሁሉ ድካም ግን እምብርቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ከንቱ ነው። ብዙ ጊዜ ክቡ በመጀመሪያ በጣውላው ላይ ይሣላል፤ ከዚያም የምሰሶው ቀዳዳ በመጨረሻ ይበሳል፤ ቀዳዳውም አንድ ሚሊሜትር ወደ ጐን ይሄዳል። ያን ጊዜ ጥርሶቹ በክባቸው ላይ በትክክል የተከፈሉ ሆነው ሳለ መንኰራኵሩ ሲዞር በአንድ ወገን ይቀርባል፥ በሌላው ይርቃል። ወፍጮው ግማሽ ዙር እየጠበቀ፥ ግማሽ ዙር እየላላ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ በመጀመሪያ ቀዳዳውን መብሳት፥ መንኰራኵሩን በራሱ ምሰሶና በራሱ ኩሽኔታ ላይ መስቀል፥ ከዚያም እርሳሱን ወይም ምስማሩን ባለበት አቁሞ መንኰራኵሩን ማዞር ነው። ክቡን የሚሥለው ራሱ ዙሩ ይሆናል።

የፋኖሱን ሁለት ጣውላዎች በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እናገራለሁ፤ አብረው ይበሱ። ሁለቱን ደርቦ፥ በማጥበቂያ አሥሮ፥ በቀጭን መሰርሰሪያ መጀመሪያ፥ በወፍራሙ ቀጥሎ መብሳት ነው። ከመለያየታቸውም በፊት በጠርዛቸው ላይ በሁለቱም የሚያልፍ አንድ መስመር ይጫር። ሲገጣጠሙም መስመሩ ከመስመሩ ጋር ይሁን። እንዲህ ከሆነ በአከፋፈሉ ላይ ጥቂት ስሕተት ቢኖር እንኳ በሁለቱም ጣውላ ላይ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ለየብቻ የተበሱ እንደ ሆነ ግን ዘንጎቹ ይዘማሉ፤ ጥርሱም በሙሉ ወርዱ ሳይሆን በአንድ ጫፉ ብቻ ይነካል።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። ዘንጉ የእርምጃውን ግማሽ ያህል ወይም ጥቂት ያነሰ ቢወፍር ይስማማል፤ እኛ 28 ሚሊሜትር እንውሰድ። ከ62.83 ላይ 28 ሲነሣ 34.83 ይቀራል፤ ይህ ሁሉ ለጥርሱ ቢሰጥ ዘንጉ በጥርሶቹ መካከል ምንም መላወሻ አይኖረውም። ለመላወሻ 1.5 ሚሊሜትር እንተው፤ ስለዚህ የጥርሱ ውፍረት በእርምጃው ክብ ላይ 33.3 ይሁን። በብረት ማርሽ ለለመደ ሰው 1.5 ሚሊሜትር እጅግ የበዛ ይመስለዋል። በእንጨት ላይ ግን በዘፈቀደ የተሰጠ ቍጥር አይደለም። እንጨት ከበጋ ወደ ክረምት ሲሻገር በጭረቱ አግድም በኩል በመቶ አንድ ያህል ቢያብጥ የሚያስገርም አይሆንም። 33 ሚሊሜትሩ ጥርስና 28 ሚሊሜትሩ ዘንግ ሁለቱም በዚህ መጠን ቢያብጡ 6 ዐሥረኛ ሚሊሜትር ይሄዳል። የአከፋፈል ስሕተት ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ቢወስድ ለቅባትና ለዱቄት ብናኝ የሚቀረው ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ነው። ማርሹ በሰኔ ዝናብ ከተሠራ መላወሻውን ወደ 1 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ በመጋቢት ከተሠራ ግን 1.5ቱን ማንም አይንካብኝ።

መላወሻው የሚለካው በትልቁ መንኰራኵር ጥርሶች መካከል ነው፤ እዚያ ያለው ባዶ ቦታ 29.5 ሲሆን በውስጡ የሚገባው ዘንግ 28 ነው። በፋኖሱ በኩል በሁለት ዘንጎች መካከል ካሊፐር የሚያስገባ ሰው 33.8 ያገኝና «መላወሻው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው» ብሎ ይደነግጣል። አይደንግጥ፤ የለካው አሁንም አውታሩን ነው።

የእንጨት ዘንግ ትቶ ብረት የሚጠቀም ሰው ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ ጐርበጥባጣ ስለ ሆነ ጥርሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የውሃ ቧንቧ ለስላሳ ነው፤ ይሻላል። ነገር ግን «ሦስት ሩብ ኢንች» ተብሎ የሚሸጠው ቧንቧ በውጭ ሲለካ 19 ሚሊሜትር አይደለም፤ ወደ 26.9 ሚሊሜትር ነው። ስሙ የሚነግረን በግምት የውስጡን ስፋት ነው። በስሙ አምኖ ጥርሱን ያወፈረ ሰው የማይገጥም ማርሽ ይኖረዋል። ቧንቧውን በካሊፐር ለክቶ ጥርሱን ከዚያ በኋላ ማስላት ነው፤ ለ26.9 ቧንቧ ጥርሱ 34.4 ይሆናል። በቧንቧው ውስጥ ቀጭን ለስላሳ ብረት አሳልፎ ቧንቧው በላዩ እንዲዞር ማድረግ ከተቻለ ደግሞ ሰበቃው ይቀንሳል።

ርቀቱና ውፍረቱ ልክ ቢሆኑም የጥርሱ ጐን ቅርጹ ካልተስተካከለ ፋኖሱ በአንድ እርምጃ ውስጥ እንኳ እየፈጠነና እየዘገየ ይዞራል። ይህን በጂኦሜትሪ አብራርተው ከጻፉት አንዱ ፈረንሳዊው ፊሊፕ ደ ላ ኢር ነው፤ ስለ ኤፒሳይክሎይድ የጻፈው ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1694 ታትሟል፤ በጐንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። ነገሩን ያለ ብዙ ሒሳብ በእጅ መሥራት ይቻላል። ከስስ ጣውላ ሬዲየሱ 600 የሆነ ቅስት ይቈረጣል፤ ሬዲየሱ 100 የሆነ ሙሉ ክብም ይቈረጣል። በክቡ ጠርዝ ላይ አንድ ሹል ምስማር ይተከላል። ከዚያ ክቡ በቅስቱ ውጭ ጠርዝ ላይ ሳይንሸራተት ይንከባለላል፤ ምስማሩም ከሥር ባለው ወረቀት ላይ አንድ ጥምዝ መስመር ይሥላል። ይህ ኤፒሳይክሎይድ ነው።

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሥራው ግን ገና ግማሽ ነው። የተሣለው መስመር ልክ የሚሆነው ዘንጉ እንደ መርፌ ጫፍ ቀጭን ቢሆን ነው። የእኛ ዘንግ 28 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የምስማሩ መስመር የዘንጉ እምብርት የሚሄድበት መንገድ ነው እንጂ ጥርሱ የሚነካበት አይደለም። ስለዚህ ኮምፓሱን በ14 ሚሊሜትር ከፍቶ በመስመሩ ላይ ብዙ ትናንሽ ክቦችን ጐን ለጐን መሣል ያስፈልጋል። የክቦቹን ሆድ በጥርሱ ወገን እየነካ የሚያልፈው መስመር እውነተኛው የጥርስ ጐን ነው። ቧንቧ የተጠቀመ 13.45 ይከፍታል። ለአንድ ጥርስ የተገኘው ቅርጽ በቆርቆሮ ተቈርጦ ፎርማ ይሆናል፤ 60ውም ጥርስ በእርሱ ይመረመራል።

ክቡ ተንሸራቶ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? ከመንከባለሉ በፊት በቅስቱ ላይ በየ62.83 ሚሊሜትሩ፥ በክቡ ላይ በየ36 ዲግሪው ምልክት ይደረግ፤ ምልክቶቹ እየተገናኙ መሄድ አለባቸው። ሁለተኛ መፈተኛም አለ። ጥርሱ የእርምጃውን ክብ ከሚያቋርጥበት ነጥብ ወደ ላይ ከእምብርቱ አንጻር ቀጥ ያለ መስመር ቢወጣ፥ በ16.5 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ የጥርሱ ጐን ከመስመሩ 4.7 ሚሊሜትር፥ በ22 ሚሊሜትር ላይ 7.2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የጥርሱን ቁመት ከእርምጃው ክብ በላይ 26 ሚሊሜትር አድርጉት፤ ጫፉ ወደ 16 ሚሊሜትር ውፍረት ስለሚቀረው አይሰበርም። ከ22 በታች ቢያጥር ግን አንዱ ጥርስ ዘንጉን የሚለቀው ቀጣዩ ጥርስ ዘንጉን ሳይዝ ነው፤ ያን ጊዜ ፋኖሱ በየእርምጃው ይዘላል። ከእርምጃው ክብ በታች ደግሞ የዘንጉ ግማሽና 3 ሚሊሜትር፥ በጠቅላላው 17 ሚሊሜትር ጥልቀት ይበቃል።

በሥዕል መሣያ ኮምፒዩተር የሚሠራ ተማሪ ይህን ሁሉ በደቂቃ ይጨርሳል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ከማተሚያው ሲወጣ ብዙ ጊዜ በመቶ ሁለት ሦስት ተቀንሶ ይወጣል። በሥዕሉ ላይ የ100 ሚሊሜትር መስመር አስቀምጦ በማስመሪያ ሳይለኩ ወደ ጣውላው መሄድ አይገባም።

ማን ማንን ያዙር የሚለውም ጥያቄ ቀላል አይደለም። ፋኖሱ ተዟሪ፥ ባለጥርሱ አዟሪ ሲሆን ጥርሱ ዘንጉን የሚነካው ከሞላ ጐደል የሁለቱን ምሰሶዎች እምብርት የሚያገናኘውን መስመር ካለፈ በኋላ ነው፤ ዘንጉን እየገፋ ከራሱ ያርቀዋል። ሲገለበጥ ግን፥ ፋኖሱ ባለጥርሱን ሲያዞር፥ መነካካቱ ከመስመሩ በፊት ይሆናል፤ ዘንጉ ወደ ጥርሱ እየተጋፋ ይገባል፤ ሰበቃውም ይበረታል። የውሃ መንኰራኵር ቀርፋፋ ስለ ሆነና እኛም ፍጥነት መጨመር ስለምንፈልግ ተፈጥሮው ራሱ ወደ ትክክለኛው መንገድ ይመራናል። ፍጥነት ለመቀነስ የሚያስብ ሰው ግን ሌላ ዓይነት ማርሽ ይፈልግ።

የ700 ሚሊሜትሩ የምሰሶዎች ርቀት በዚህ ማርሽ ላይ ይቅርታ የለውም። የዛሬ የብረት ማርሽ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ኢንቮሉት በሚባለው ቅርጽ ስለሚሠራ ርቀቱ ጥቂት ቢለወጥ ዙሩ ያው ነው። በኤፒሳይክሎይድ ግን ርቀቱ ሲለወጥ የእርምጃ ክቦቹ መነካካታቸውን ይተዋሉ፤ ዙሩም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የፋኖሱ ኩሽኔታ በማይነቃነቅ ግድግዳ ውስጥ አይቀበር፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚሄድ እንጨት ላይ ተቀምጦ በሽብልቅ ይያዝ። ልኩ 700 የሆነ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ተቈርጦ በወፍጮው ቤት ይሰቀል፤ ኩሽኔታው በተበላ ቍጥር በእርሱ እየተለካ ሽብልቁ ይመታል።

ስለ እንጨቱ ምርጫ ከዚህ በፊት ከተነገረው ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ። እንጨት በጭረቱ አግድም ያብጣል እንጂ በርዝመቱ ምንም አይለወጥም ማለት ይቻላል። አንድ ወጥ ሰፊ ጣውላ ቈርጦ መንኰራኵር ያደረገ ሰው በክረምት ክቡ ሞላላ ሆኖ ያገኘዋል፤ በ1,200 ሚሊሜትር ላይ በመቶ አንድ ማለት 12 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የመንኰራኵሩ ዙሪያ ጭረታቸው ዙሪያውን ተከትሎ ከሚሄድ ብዙ ቍርጥራጮች ይገጣጠም። ጥርሶቹ ለየብቻ ተሠርተው ጭረታቸው ከእምብርቱ ወደ ውጭ እንዲሆን ይሰካሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጥንካሬም አላቸው፥ አንዱ ሲሰበርም ይተካል። የፋኖሱ ጣውላዎች ከስስ ሳንቃዎች ጭረታቸው እየተሻገረ ቢለጠፉ ይሻላል። ለጥርስና ለእንጨት ዘንግ ከወይራ የሚወዳደር የለም፤ ከባድ፥ ጠንካራ፥ የማይበላ ነው። ዋንዛ ለመቅረጽ ይመቻል፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለ ሆነ ለዙሪያው እንጂ ለጥርሱ አይሆንም፤ እርሱንም ከደባርቅ ዝቅ ካለው አገር ማስመጣት ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ በደባርቅ ደጃፍ ሁሉ አለ፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም፤ ለወፍጮው ቤት ማገርና ምሰሶ ይሁን። የተጠናቀቀው ጥርስ በተልባ ዘይት ይነከር፤ የተልባ ዘይት በእንጨቱ ውስጥ ደርቆ የእርጥበቱን አገባብ ያዘገያል። ለሰበቃው ደግሞ ሞራና ሰም ተቀላቅሎ ይቀባ።

ወፍጮው ውሃ ከመልቀቁ በፊት በእጅ ይፈተን። በፋኖሱ ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት ዘንጎች ከውጭ እስከ ውጭ 228 ሚሊሜትር መሆን አለባቸው፤ አምስቱም ጥንድ ይለካ። ከዚያ ጥላሸት በዘይት ተለውሶ ዘንጎቹን ሁሉ ይቀቡበት፤ መንኰራኵሩም በቀስታ አንድ ሙሉ ዙር ይዙር። ጥላሸቱ በጥርሱ ሙሉ ወርድ ላይ ከታተመ ዘንጎቹ ቀጥ ብለዋል፤ በአንድ ጫፍ ብቻ ከታተመ ምሰሶዎቹ አልተስተካከሉም። አንዱ ጥርስ ጠቍሮ ጐረቤቱ ነጭ ከሆነ የአከፋፈል ስሕተት አለ፤ የጠቈረው በሞረድ ይነካካ እንጂ ነጩ አይነካ። 60 ለ10 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል አንዱ ዘንግ ሁልጊዜ የሚያገኘው ያንኑ ስድስት ጥርስ ብቻ ነው፤ ዘንጎቹንና ጥርሶቹን በቍጥር ምልክት ማድረግ ጠላትን በስሙ እንደ ማወቅ ይሆናል።

ይኸው ጠባይ ግን ጕዳትም አለው፤ መጥፎው ጥርስ ዘወትር ያንኑ ዘንግ ስለሚመታ አንዱ ዘንግ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። የዱሮ የአውሮፓ ወፍጮ ሠሪዎች ይህን አይተው በመንኰራኵሩ ላይ አንድ ጥርስ ይጨምሩ ነበር፤ 61 ጥርስ ለ10 ዘንግ ቢሆን እያንዳንዱ ጥርስ በተራው ሁሉንም ዘንግ ያገኛል፤ መበላቱም እኩል ይሆናል። 61ን በኮምፓስ መክፈል ግን መከራ ነው። ለእኔ የሚሻለው 64 ጥርስና 9 ዘንግ ነው፤ 64 ደጋግሞ ለሁለት በመክፈል ብቻ ይገኛል፤ ከ9 ጋርም የጋራ አካፋይ የለውም። ያንኑ 62.83 እርምጃ ይዛችሁ ክቦቹን 1,280 እና 180 ብታደርጉ የምሰሶዎቹ ርቀት 730 ይሆናል። የጥርሱን ቅርጽ እንደገና በ90 ሬዲየስ ክብ በ640 ቅስት ላይ እያንከባለላችሁ ሣሉት፤ 26 ሚሊሜትሩ ቁመት በጥቂቱ ያልፋል። የሁለቱን ክቦች የኮምፓስ ክፍት ያወጣ ሰው 62.81 እና 61.56 ማግኘት አለበት።